ሁሉ ሞልቶላቸው ውስጣቸው ባዶ ለሆነባቸው፦ በምክክር ጊዜ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ የሥነ ልቦና ምክክር እሰጣለሁ። ከሚመጡት መካከል ለሰፈሩ ሁሉ ምሳሌ የሚሆኑ ሰዎች አሉ። ስፔሻሊስት ሐኪም፣ ቡና ነጋዴ፣ ፒኤችዲውን የጨረሰ የዩኒቨርሲቲ መምህር። የለፉበትን አግኝተዋል። ጠዋት ሲነሱ ግን ምንም አያጓጓቸውም። እነዚህን ሰዎች እወዳቸዋለሁ። ለዚህም ነው ያው ስህተት ሲደጋገም ዝም ማለት ያቃተኝ። ማንም እንዳይታወቅ የታሪኮቹን ዝርዝር ቀይሬዋለሁ።

«ምን ጎደለኝና?» ብሎ ራስን ዝም ማሰኘት

ብዙዎቹ ወሬ የሚጀምሩት በይቅርታ ነው። «አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉ አለኝ። እንዲህ ማለቴ ራሱ ነውር ነው» ይላሉ። ቤተሰብም «ጥጋብ ነው» ብሎ ይጨምርበታል። ምስጋና መልካም ነው። ግን ሰው እያመሰገነም ባዶነት ሊሰማው ይችላል። ስሜቱን በጥፋተኝነት ስትሸፍኑት አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል።

ባዶነቱን በሚቀጥለው ግብ መሙላት

አንድ ቡና ነጋዴ «መጋዘኑን ስጨርስ አርፋለሁ» ሲል ነበር። ከዚያ ቤቱን ስጨርስ አለ። ከዚያ አይሱዙውን ስገዛ። እያንዳንዱ ደስታ አንድ የቡና ሰሞን እንኳ አላለፈም። ሰው ያገኘውን ነገር ቶሎ ይለምደዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ሎተሪ የወጣላቸውን ሰዎች ከሌሎች ጋር አነጻጽሮ ነበር። ባለ ዕድሎቹ ይበልጥ ደስተኛ ሆነው አልተገኙም። እንዲያውም ከጓደኛ ጋር እንደ ማውራት ካሉ ተራ ነገሮች የሚያገኙት ደስታ ያነሰ ነበር።

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ ተመራማሪዎች የሰው ልጅ ሦስት መሠረታዊ የሥነ ልቦና ፍላጎቶች አሉት ይላሉ። ብቃት፣ በራስ ፈቃድ መኖር፣ ከሰው ጋር መቀራረብ። እኔ ጋ የሚመጡት ሰዎች ብቃቱ ተርፏቸዋል። የጎደላቸው አብዛኛውን ጊዜ ከቀሩት ሁለቱ አንዱ ነው። እሱን ደግሞ ሌላ መጋዘን አይሞላውም። አዲስ ነገር ከመጀመራችሁ በፊት «ማንም ባያውቅልኝ ይህን እሠራው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጎበዝ ታካሚ ለመሆን መጣር

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ከልጅነቱ ጀምሮ አንደኛ ሲወጣ የኖረ ሰው ምክክር ላይም አንደኛ መውጣት ይፈልጋል። ደብተር ይዞ ይመጣል። የተሰጠውን መልመጃ ከተባለው በላይ ሠርቶ ያሳየኛል። ፊቴን እያየ ምን መስማት እንደምፈልግ ይገምታል። እንቅልፍ አጥቶ ከርሞ «ይህን ሳምንት በጣም ተሻለኝ» ይለኛል። ስለ አባቱ ስጠይቀው ስለ ጭንቀት ያነበበውን ያብራራልኛል።

አንዲት ሐኪም ለወራት እንዲህ ቆየች። ስለ ራሷ ስታወራ የሌላ በሽተኛ ካርድ የምታነብ ይመስል ነበር። አንድ ቀን መልመጃውን ሳትሠራ መጣች። ገና ከበሩ ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች፤ እጇ ይንቀጠቀጣል። «ምን ይለኛል ብለሽ ነው?» አልኳት። ብዙ ዝም አለችና «ሁለተኛ ስወጣ አባባ አያናግረኝም ነበር» አለች። ሕክምናው የተጀመረው ያን ቀን ነው።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፣ እኔ ማርክ አልሰጥም። ሳትዘጋጁ ኑ። «አላውቅም» በሉ። ከተናደዳችሁብኝ ንገሩኝ። መልመጃውን ካልሠራችሁ፣ ያልሠራችሁበት ምክንያት ራሱ ትልቅ ነገር ያሳየናል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ደግሞ የሚያመው ቦታ ላይ ልክ ስንደርስ «አሁን ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ መጥፋት ነው። ማቆም መብታችሁ ነው። ግን ከመቅረታችሁ በፊት አንድ ቀጠሮ ኑና ለምን እንደሆነ እናውራበት።

እንዳይታወቅ ብሎ ርቆ መታከም

«ጅማ ትንሽ ናት፤ ሰው ቢያየኝስ?» ብለው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው አዲስ አበባ የሚታከሙ አሉ። ፍርሃቱ ይገባኛል። እዚህ ጅማ መርካቶ ወጥቶ የሚያውቀው ሰው ሳያጋጥመው የሚመለስ የለም። ነገር ግን በአስተሳሰብና በባህርይ ላይ የሚሠራው የንግግር ሕክምና በአብዛኛው ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ ይፈልጋል። ስብሰባ በተገኘ ቁጥር ብቻ እየተመላለሱ አይሆንም። ባለሙያው እዚያ ከሆነ በየሳምንቱ ቋሚ ሰዓት ይዛችሁ በስልክ ወይም በቪዲዮ ተገናኙ።

ሌሎቹን ባጭሩ ልበል። በርጫ ምክክርን አይተካም። ምን ያህል እንደምትቅሙ ከደበቃችሁን ደግሞ እንቅልፍ ማጣቱና መከፋቱ ከየት እንደመጣ መለየት ያስቸግረናል። ሥራችሁን በንዴት አትልቀቁ፤ መጀመሪያ ሥራው ይሁን አኗኗሩ እናጣራ። ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት ስለተሻላችሁ ብቻ በራሳችሁ አታቋርጡ።

ሰውነታችሁንም አስመርምሩ። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስና የደም ማነስ ድካም ያመጣሉ፤ ከድባቴ ጋርም ይመሳሰላሉ። የከፋ ስሜት ወይም ፍላጎት ማጣት ከእንቅልፍና ከምግብ መዛባት ጋር ሁለት ሳምንት ከዘለቀ «ትንሽ ደብሮኝ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ሞትን ማሰብ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም። ያኑ ዕለት ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይኬዳል።

ለጀማሪ ባለሙያዎችም አንድ ነገር አለኝ። የተከበረ ሰው ፊታችሁ ሲቀመጥ አትሽኮርመሙ። «እርስዎ እኮ ትልቅ ሰው ነዎት» አትበሉት፤ ያንን ቀኑን ሙሉ ሲሰማው ነው የሚውለው። ለማንም የምትጠይቁትን ጥያቄ ለእሱም ጠይቁት። ያስተማራችሁ መምህር ወይም አለቃችሁ ከሆነ ግን ራሳችሁ አትያዙት፤ ለሌላ ባልደረባ አስተላልፉት።