ስለ ሰውነታችንና ስለ ስሜታችን የምንናገርባቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት እንዴት እንማር?

ደሴ ውስጥ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንግሊዝኛ ሳስጠና አንዲት ልጅ «ሆዴ ባባ» ለማለት «ማይ ስቶማክ ክራይድ»፣ ቃል በቃል «ሆዴ አለቀሰ»፣ ብላ ጽፋ አገኘሁ። የሰዋስው ስሕተት አልነበረበትም፤ ይሁን እንጂ አማርኛ የማያውቅ ሰው ቢያነበው ሆዷን ያመማት ይመስለዋል እንጂ ማዘኗ አይገባውም። ይህችው ልጅ ስለ አየር ንብረት አንድ ገጽ ሳትቸገር የምትሞላ ነበረች፤ ቃል ያጣችው ስለ ራሷ ስትናገር ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እነዚህን ቃላት የማስተምርበት መንገድ ተለውጧል።

መጀመሪያ ከአማርኛው ይነሱ። ለአንድ ሳምንት ያህል ማታ ማታ የዕለቱን ስሜትዎን በአንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ ከፋኝ፣ ጨነቀኝ፣ ደበረኝ፣ ሆድ ባሰኝ፣ አፈርኩ፣ ደስ አለኝ። ልብ ብለው ካዩት፣ በእኛ ቋንቋ አብዛኛውን ጊዜ ስሜቱ አድራጊ፣ ሰውየው ደግሞ ተቀባይ ነው፤ «ጨነቀኝ» ስንል ጭንቀቱ ከውጭ መጥቶ የያዘን ያህል ነው። እንግሊዝኛ ግን ሰውየውን የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አድርጎ «አይ አም» ወይም «አይ ፊል» ካለ በኋላ ቅጽሉን ያስከትላል። ስለዚህ ቃሉን ነጥለው አይያዙት፤ «አይ ፊል ሳድ» ብለው ከነዓረፍተ ነገሩ ይያዙት።

ቀጥሎ አንዱን የአማርኛ ቃል ወደ ብዙ የእንግሊዝኛ ቃላት ይክፈሉት፤ ከሥራው ሁሉ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ይህ ነው። «ጨነቀኝ» ያሉት ልጅዎ መሽቶ ሳይገባ ስለቀረ ከሆነ «ወሪድ» ነዎት፤ ፈተና አዳራሽ በር ላይ ቆመው ከሆነ «ነርቨስ»፤ ሥራው ተደራርቦ ከአቅም በላይ ከሆነብዎት «ስትሬስት»፤ ምክንያቱ ጥርት ብሎ ባይታወቅም ውስጥዎን የሚያውክ ስጋት ከሆነ «አንክሸስ» ይባላል። የዚህ የመጨረሻው ቃል ስም «አንግዛየቲ» ተብሎ ስለሚነበብ ሁለቱን ለየብቻ ያዳምጧቸው። «አፈርኩ» የሚለውም እንዲሁ ይከፈላል። ቡና ሲያቀርቡ ስኒው ከእጅዎ አምልጦ በእንግዶች ፊት ቢሰበር «ኢምባረስት» ይሆናሉ፤ እናትዎን ዋሽተው ቢጸጽትዎት «አሼምድ» ነዎት፤ በተፈጥሮው ከሰው ጋር መነጋገር የሚያሳፍረው ሰው ደግሞ «ሻይ» ይባላል። «አሎን» ብቻውን ያለ ሰው ነው፤ «ሎንሊ» ግን ብቸኝነት የሚሰማው ነው፤ በደሴ ፒያሳ ሕዝብ መካከል እየሄደም ሰው «ሎንሊ» ሊሆን ይችላል። «ቦርድ» የሰለቸው፣ «ቦሪንግ» አሰልቺው መሆኑንም እግረ መንገድዎን ይያዙ፤ «አይ አም ቦሪንግ» ያለ ሰው ራሱን ሰድቧል።

ስለ ሰውነት ወደሚነገሩት ቃላት ሲመጡ መዝገበ ቃላት በእጅዎ ይኑር። በእኛ አገር ከርሞ የመጣን ዘመድ «ወፍረሻል፣ ተስማምቶሻል» ብሎ መቀበል ብዙ ጊዜ የመልካም ምኞት አነጋገር ነው፤ ያንኑ በእንግሊዝኛ ብትናገሩት ግን አድማጩ ሊከፋው ይችላል። «ስሊም» እና «ስኪኒ» ሁለቱም ቀጭን ማለት ቢሆኑም የመጀመሪያው ያሞግሳል፣ ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ይነቅፋል። የኦክስፎርድና የካምብሪጅ የተማሪ መዝገበ ቃላት ነቀፌታ ባለበት ቃል አጠገብ «ዲሰፕሩቪንግ» የሚል ምልክት ያኖራሉ፤ ሁለቱም በኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛሉ፣ ድምጽም አላቸው። እኔ እዚህ በፊደላችን የጻፍኩት ለጆሮ እንዲቀርብ ነው፤ የቃሉን አጻጻፍ ከዚያው ይቅዱ። «ፋት» (ወፍራም) የሚለውን ቃል በሰው ላይ አለመጠቀም ይሻላል፤ «ኦቨርዌይት» የሐኪም ቤት ቃል ስለሆነ ለወዳጅ ሰላምታ አይሆንም።

«ቦዲ ኢሜጅ» የሚባለው ሰው ስለ ገዛ ሰውነቱ ያለው አመለካከትና ስሜት ነው እንጂ መልኩ አይደለም። «ሰልፍ ኢስቲም» ለራስ የሚሰጥ ዋጋ ነው። «ሰልፍ ኮንሸስ» ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኛል የሚለው መሸማቀቅ ሲሆን፣ በሌላ ሰው ሰውነት ላይ ማላገጥና ማሸማቀቅ «ቦዲ ሼሚንግ» ይባላል። እዚህ ላይ አንድ ልምምድ በብርቱ እመክራለሁ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «አይ ፊል ፋት» ሲሉ ይሰማሉ፤ ነገር ግን ውፍረት ስሜት አይደለም። ይህን ዓረፍተ ነገር ይጻፉና ከኋላው ያለውን እውነተኛ ስሜት ይፈልጉ፦ «ሰልፍ ኮንሸስ» ነው? «አሼምድ»? ወይስ «ሎንሊ»? አንዲት ተማሪ ይህን ስትሠራ ብዙ ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «ሎንሊ» የሚለውን ብቻ ጽፋ ሰጠችኝ።

«ዲፕረስት» የሚለውን ቃል ግን በጥንቃቄ ይጠቀሙበት። በተራ ንግግር «ደብሮኛል» ለማለትም ይነገራል፤ በሕክምና ትርጉሙ ግን የድብርት ሕመምን ያመለክታል፣ ለዚህም ምልክቶቹ ቢያንስ 2 ሳምንት መቆየት አለባቸው። ለአንድ ቀን መከፋት «ዳውን» ወይም «ሳድ» ይበቃል። ሁኔታው ያን ያህል የቆየበት ሰው ወደ ሐኪም ይሂድ።

ቃላቱን ለማቆየት መደጋገም ያስፈልጋል። ጀርመናዊው ሄርማን ኢቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት አዲስ የተያዘ ነገር ካልተደገመ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት እንደሚረሳ አሳይቷል። በሳምንት ከ10 ቃል በላይ አይያዙ፤ በማግሥቱ፣ በ3ኛው ቀንና በ7ኛው ቀን ይከልሷቸው። የደሴ ሰው ከሰኞ ገበያ እስከ ሰኞ ገበያ ብሎ ቢቆጥር አይሳሳትም። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሰው ደግሞ ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ አምስቱን፣ ሲመለስ አምስቱን በልቡ ዓረፍተ ነገር እየሠራ ሊከልስ ይችላል።

በመጨረሻ ጓደኛ ይያዙና በቃል ይለማመዱ። አንዱ ስሜቱን ይናገራል፤ ሌላው ይመልሳል። እዚህ ወሎ የከፋውን ሰው «አብሽር» እንለዋለን፤ ይህን ሁሉ የሚሸከም አንድ የእንግሊዝኛ ቃል እስካሁን አላገኘሁም። በምትኩ ለተማሪዎቼ ሦስት ዓረፍተ ነገሮችን በተራ አስይዛቸዋለሁ፦ መጀመሪያ «አይ አም ሶሪ ቱ ሂር ዛት» (ይህን በመስማቴ አዝናለሁ)፣ ቀጥሎ «ዛት ማስት ቢ ሃርድ» (ከባድ መሆን አለበት)፣ ከዚያም ትንሽ ዝም ብለው «ዱ ዩ ዎንት ቱ ቶክ አባውት ኢት?» (ስለ ጉዳዩ መነጋገር ትፈልጋለህ?)