ኡኩሌሌ ስትሰሩ ድምፁ የሚወሰነው ከውስጥ ነው

የመጀመሪያዋን ኡኩሌሌ፣ ጊታር የምትመስለውን ባለ አራት ክር ትንሽ የሃዋይ መሣሪያ፣ ስሰራ ጭንቀቴ ሁሉ እንዳትሰበር ነበር። ስለዚህ ከፊት ጣውላዋ ጀርባ የሚለጠፉትን ደጋፊ እንጨቶች፣ ብሬስ የሚሏቸውን፣ አወፍሬ ደረደርኳቸው። አልተሰበረችም። ድምፅም ግን አልነበራትም፤ ክር የተወጠረበት የጫማ ካርቶን በሏት።

ነገሩ ወዲህ ነው። አራቱ የናይለን ክሮች ጉልበታቸው ትንሽ ስለሆነ ጣውላው ካልቀለለላቸው አያንቀጠቅጡትም። ክራር ላይ ይህን የሚሰራው የተወጠረው ቆዳ ነው፤ እዚህ ግን እንጨቱን እንደዚያ እስኪነቃ ማሳሳት የናንተ ፋንታ ነው።

መጀመሪያ ቅርፁን ምረጡ። የተለመደው ወገቡ ገባ ያለው የጊታር ቅርፅ ነው። ለጀማሪ ግን እኔ የምመክረው የሆኖሉሉው ኡኩሌሌ ሰሪ ካማካ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያወጣውን፣ አናናስ የሚመስለውን ነው፤ ወገብ ስለሌለው ጎኑን ማጠፍ ይቀላል፣ ብዙ አየር ስለሚይዝም ድምፁ ሞላ ይላል። ሳጥኑ በጠለቀና በሰፋ ቁጥር ወፍራሙ ድምፅ ይጎላል፤ የድምፅ ቀዳዳውን ካሰፋችሁት ደግሞ ወደ ቀጭኑ ያዘነብላል።

ለጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሳሳ እንጨት ውሃ አስነክታችሁ በጋለ የብረት ቱቦ ላይ ቀስ እያላችሁ እጠፉት። ከቸኮላችሁ ቀጭ ይላል። ሦስት ሰብሬያለሁ።

ከዚያ የፊት ጣውላው። የሃዋይ ልማድ ኮዋ የተባለው እንጨት ነው፤ ስፕሩስ የተባለው የጥድ ዘመድ ቀለል ይላል። ትንሿን፣ ሶፕራኖን፣ ከሆነ የምትሰሩት 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ እስኪደርስ በመላጊያና በብርጭቆ ወረቀት አሳሱት። ጠርዙን በሁለት ጣት አንጠልጥላችሁ አንኳኩት። ቋ ካለ ገና ነው፤ ድም ብሎ ትንሽ ከቆየ ደርሷል።

አሁን ብሬሱ። ለሶፕራኖ ሁለት አግዳሚ ይበቃል፣ አንዱ ከቀዳዳው በላይ፣ አንዱ ከበታች፣ ከብሪጁ፣ ክሮቹ ከፊት ጣውላው ጋር ከሚያያዙበት እንጨት፣ ስር ደግሞ አንድ ስስ ቁራጭ። ትልቋን ቴነር ከሆነ የክሩ ጉተታ ስለሚበዛ ከቀዳዳው በታች እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ ሦስት ቀጫጭን ጨምሩ። የእንጨቱ የተፈጥሮ መስመር ቀጥ ያለ ስፕሩስ ፈልጉ፤ መስመሩ እንዳይቆረጥ ከመጋዝ ይልቅ በመሮ ፍለጡት።

ይቺን ሒሳብ ያዙ፦ የብሬሱ ስፋት በግማሽ ቢቀንስ ጥንካሬው በግማሽ ይቀንሳል፤ ቁመቱ፣ ማለትም ከጣውላው ወደ ላይ የሚነሳበት ልክ፣ በግማሽ ቢቀንስ ግን የሚቀረው ከስምንት አንድ እጅ ነው። ስለዚህ ጠባብና ቁመት ያለው ብሬስ ሳይከብድ ይደግፋል፣ ከላዩ የምታነሱት ስስ ልጣጭም ወዲያው በድምፁ ይታወቃል። እኔ የለጠፍኩት ሰፊና ጠፍጣፋ ነበር። ክብደት ብቻ።

ኮላው ከደረቀ በኋላ ጀርባውን ለመግጠም አትጣደፉ። ላጉ፣ አንኳኩ፣ እንደገና ላጉ። የብሬሱን ጫፍ ጫፍ ወደ ምንም እስኪጠጋ አሳሱት፤ ጠርዙ ሲላላ ጣውላው እንደ ከበሮ ይነሳል። ብሪጁ አካባቢ ያለውን ግን አትድፈሩት፤ እዚያ ከሳሳ ክሮቹ ጎትተው ሆድ ያስወጡታል፣ ክሩም ከጣት ሰሌዳው ርቆ ለመጫን ያስቸግራል። መላጉ ድምፁን መለወጥ ሲያቆም እናንተም አቁሙ።

ጀርባውን ትንሽ ጎበጥ አድርጋችሁ ለጥፉት። ከዚህ በኋላ ጸጸት አይሰራም፤ በሶፕራኖ ቀዳዳ እጃችሁ አይገባም። ናይለን ስለሚለጠጥ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቅኝቷ ቶሎ ቶሎ ይወርዳል። በየጠዋቱ ቃኟት፣ ከብሪጁ ኋላም ማስመሪያ አጋድማችሁ እዩ፤ በሳምንቱ ከትንሽ እብጠት ያለፈ ካልታየ ጨርሳችኋል።