በእድሜ ከገፉ በኋላ አስም ሲገኝብዎ፦ አዲሱን የመከላከያ ፓፍ መልመድ

አስም በልጅነት ብቻ የሚጀምር በሽታ አይደለም፤ በ60ም በ70ም ዓመት ይጀምራል። በዚያ እድሜ ሲመጣ ግን ማፈኑና ሳሉ በልብ ወይም በእርጅና እየተሳበበ ሳይታወቅ ይቆያል። አሁን ታውቆ የመከላከያ ፓፍ (በአፍ የሚሳብ መድኃኒት) ከታዘዘልዎ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለብዎ መድኃኒቱን ሲወስዱ ምንም እንደማይሰማዎት ነው። ብዙ ሰው "አልረዳኝም" ብሎ የሚተወው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለቱን ፓፍ መለየት

ማስታገሻው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሳልቡታሞል፣ በመተንፈሻ ቱቦዎ ዙሪያ ያለውን ጡንቻ ያላላል። በደቂቃዎች ውስጥ ይሰማል፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ቆይቶ ይጠፋል። መከላከያው ግን (ስቴሮይድ ከሚባሉት ቤክሎሜታዞን፣ ቡደሶናይድ ወይም ፍሉቲካዞን አንዱ ሊሆን ይችላል) የሚሠራው የቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ መቆጣትና ማበጥ ላይ ነው። ይህ መቆጣት በአንድ ቀን የመጣ ስላልሆነ በአንድ ቀን አይሄድም። ለውጡ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ መታየት ይጀምራል፤ ሙሉ ጥቅሙ ሳምንታት፣ አንዳንዴም እስከ 3 ወር ይፈልጋል። ደህና ሆነው በሚነሱበት ጠዋትም መወሰድ ያለበት ለዚህ ነው። በሚያፍንዎ ሰዓት ግን መከላከያውን ብቻ ወስደው እፎይታ አይጠብቁ።

ቀለማቸውን አይመኑ፤ ከአምራች አምራች ይለያያል። በመከላከያው ላይ "ጠዋትና ማታ"፣ በማስታገሻው ላይ "ሲያፍነኝ" ብለው በትልቁ ጽፈው ይለጥፉ። አንድ ነገር ግን ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ቡደሶናይድና ፎርሞቴሮል በአንድ ላይ ያለበት ፓፍ ለመከላከያም ለማስታገሻም ሊታዘዝ ይችላል። ሳልሜቴሮል ያለበት ግን ለድንገተኛ ማፈን አይሆንም።

የሚረጨውን ፓፍ አጠቃቀም

መድኃኒቱ ሳንባ ውስጥ ካልገባ የቱንም ያህል ቢወስዱት አይጠቅምም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ጊዜ ይስጡ። ፓፉ አዲስ ከሆነ ወይም ብዙ ቀን ሳይነካ ከቆየ፣ መመሪያ ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ቁጥር ልክ መጀመሪያ ወደ አየር ይርጩ። ክዳኑን ከፍተው የአፍ መያዣው ውስጥ ይመልከቱ፤ ኪስና ቦርሳ ውስጥ ሲቆይ ሳንቲምና ቁርጥራጭ ይገባበታል። በደንብ ይነቅንቁት። ቀጥ ብለው ይቀመጡ ወይም ይቁሙ፣ አገጭዎን ትንሽ ቀና ያድርጉ፣ ከፓፉ ርቀው አየሩን በቀስታ ያስወጡ። ከንፈርዎን ዙሪያውን ገጥመው በአፍዎ በቀስታ መሳብ ሲጀምሩ አንድ ጊዜ ይጫኑ፤ ሳያቋርጡ ከ3 እስከ 5 ሴኮንድ ይሳቡ። ከዚያ ትንፋሽዎን እስከ 10 ሴኮንድ፣ ካልቻሉ እስከቻሉት ድረስ ይያዙ። ሁለተኛ ርጭት ከታዘዘ ከ30 ሴኮንድ እስከ 1 ደቂቃ ቆይተው፣ እንደገና ነቅንቀው ይድገሙ። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ አይርጩ።

ጭጋጉ በአፍዎ ጎን ወይም በፓፉ አናት ከወጣ፣ የጫኑት መሳብ ሳይጀምሩ ነው፤ ወይም ከንፈርዎ አልገጠመም። ጉሮሮዎን ከመታዎት በጣም ፈጥነው ስበዋል።

ጣትዎን ቁርጥማት ከያዘው፣ ፓፉን በሁለት እጅ ይያዙት፦ ሁለቱ ሌባ ጣቶች ከላይ፣ ሁለቱ አውራ ጣቶች ከታች። መጫኑና መሳቡ አልገጥም ካለ ግን ከራስዎ ጋር አይታገሉ፤ ስፔሰር (ፓፉ ላይ የሚገጠም ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ) ይጠይቁ። ለእድሜ ባለጸጋ ከምንም በላይ የምንመክረው እሱን ነው። ስፔሰሩ ርጭቱን ስለሚያቆየው እጅና ትንፋሽ በአንድ ቅጽበት መገናኘት የለባቸውም፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀረውም ይቀንሳል። አንድ ርጭት ብቻ ያስገቡ፣ ወዲያው በቀስታ ስበው ይያዙ፤ በረጅሙ መሳብ ካቃተዎ አፍዎን ሳያነሱ 5 ጊዜ እንደወትሮው ይተንፍሱበት። አንዳንዱ ስፔሰር ሲያፏጭ "ቀስ በል" ማለቱ ነው። ከመጀመርዎ በፊት፣ ከዚያም በወር አንዴ፣ ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ይጠቡት። በጨርቅ አይወልውሉት፤ ፕላስቲኩን ማሸት የኤሌክትሪክ ሙል ይፈጥርበትና መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። በራሱ ይድረቅ።

የዱቄት ከሆነ

ሕጉ ይገለበጣል። ዱቄቱን ከመሣሪያው የሚያወጣውና የሚበትነው የእርስዎ ትንፋሽ ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው በኃይልና በፍጥነት መሳብ አለብዎ። ወደ ውስጡ አይተንፍሱ፤ እርጥበቱ ዱቄቱን ያጓጉላል። አይነቀነቅም፣ በውሃም አይታጠብም፤ የአፍ መያዣውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። የሚጠመዘዝ ዓይነት ከሆነ ሲሞሉት ቀጥ አድርገው ያቁሙት። ሲነቀነቅ የሚሰማው ድምፅ እርጥበት የሚስበው ንጥረ ነገር እንጂ የተረፈ መድኃኒት አይደለም። ጣዕሙ ላይሰማዎት ይችላል፤ "አልገባም" ብለው አይደግሙት። በኃይል ለመሳብ አቅም ካነሰዎት ለሐኪምዎ ይንገሩ፣ ይቀየራል።

ከወሰዱ በኋላ

በውሃ ይጉመጥመጡ፣ ጉሮሮዎንም አንጋጠው ያጥቡ፣ ይትፉ። ይህ ከተዘለለ ነጭ የአፍ ፈንገስና የድምፅ መጎርነን ሊመጣ ይችላል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለዎት አውልቀው ይጠቡት፣ ሌሊትም ያውልቁት፤ ፈንገስ ከሥሩ መደበቅ ይወዳል። ፓፉን ጥርስዎን ከመቦረሽዎ በፊት መውሰድ ሁለት ይጠቅማል፦ አፍ ይታጠባል፣ መርሳትም ይቀራል። ረስተው ከሆነ ሲያስታውሱ ይውሰዱ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን የተረሳውን ይተዉት፣ አይደርቡ።

"ስቴሮይድ ነው፣ ሱስ ያስይዛል" የሚለው ፍርሃት ብዙ ሰው ጎድቷል። ሱስ አያስይዝም። አንድ ርጭት አብዛኛውን ጊዜ በማይክሮ ግራም መቶዎች ቤት ነው፤ የሚዋጠው ስቴሮይድ፣ የፕሬድኒሶሎን፣ አንድ ክኒን ግን 5 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 5,000 ማይክሮ ግራም ሊሆን ይችላል። መድኃኒቶቹ በኃይል እኩል ባይሆኑም፣ የሚሳበው በቀጥታ ሳንባ ላይ ስለሚያርፍ ትንሹ ይበቃዋል። ከፍተኛ መጠን ለብዙ ጊዜ ሲወሰድ ግን አጥንትንና ዓይንን ሊነካ ስለሚችል፣ ስኳር፣ ግላኮማ (የዓይን ግፊት) ወይም የአጥንት መሳሳት ካለብዎ አስቀድመው ይናገሩ። በራስዎ ፈቃድ ድንገት አያቁሙት።

የሌሎች መድኃኒቶችዎን ዝርዝርም ይዘው ይሂዱ። እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉ የልብና የደም ግፊት ክኒኖች፣ ለግላኮማ የሚሰጠው የቲሞሎል የዓይን ጠብታም ጭምር፣ የመተንፈሻ ቱቦን ሊያጠብቡ ይችላሉ። ዓይን ውስጥ የገባ ጠብታ ደረት ይነካል ብሎ የሚገምት ስለሌለ ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ይቀራል። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ወስደው ማፈን ከተነሳብዎ ይናገሩ። የኤችአይቪ መድኃኒቱ ሪቶናቪርና የፈንገስ መድኃኒቱ ኢትራኮናዞል የሚሳበው ስቴሮይድ በደም ውስጥ እንዲከማች ሊያደርጉ ይችላሉ። የትኛውንም ግን ሐኪም ሳያማክሩ አያቋርጡ።

ማለቁን ማወቅ

ቆጣሪ ካለው በትንሽ ቁጥር ስለሚጻፍ፣ ዓይንዎ ካላነበበው ሰው ያንብብልዎ። ቆጣሪ ከሌለው ያስሉ፦ 200 ርጭት ያለው በቀን 4 ርጭት ከተወሰደ 50 ቀን ይበቃል። የጀመሩበትንና የሚያልቅበትን ቀን ማቀፊያው ላይ ይጻፉ። መድኃኒቱ ካለቀም በኋላ ጋዙ መውጣቱን ስለሚቀጥል፣ መርጨቱ መኖሩን አያረጋግጥም፤ ውሃ ላይ ማንሳፈፍም አይታመንም።

መሥራቱን የሚያውቁት በማስታወሻ ነው። በየጠዋቱ ሁለት ነገር ይጻፉ፦ ሌሊት በሳል ወይም በማፈን ነቅቻለሁ? ትናንት ማስታገሻውን ስንት ጊዜ ወሰድኩ? ከ4 ሳምንት በኋላም ሌሊት መንቃቱ ካልቀረ፣ ወይም ማስታገሻው በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ ካስፈለገ፣ አስሙ ገና አልተገታም። መጠን ከመጨመሩ በፊት አጠቃቀምዎ ይታይ።

መናገር እስኪያቅትዎ ካፈነዎ፣ ከንፈርዎ ከጠቆረ፣ ወይም ማስታገሻው 4 ሰዓት እንኳ ካላቆየዎ ድንገተኛ ሕክምና ይጥሩ። እስኪደርስ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ሳልቡታሞሉን፣ ቢቻል በስፔሰር፣ በየ30 እስከ 60 ሴኮንዱ አንድ ርጭት፣ እስከ 10 ድረስ ይውሰዱ። ሲተኙ የሚብስ ማፈን፣ የእግር ማበጥ ወይም የደረት ሕመም ከመጣ ደግሞ ከልብ ሊሆን ስለሚችል ለአስሙ አይተዉት፤ ቶሎ ይታዩ። የደረት ሕመሙ ድንገተኛ ከሆነ ያንኑ ሰዓት ድንገተኛ ሕክምና ይጥሩ።

ክትትሉ ከጀመሩ ከ1 እስከ 3 ወር ውስጥ ነው። ፓፉን፣ ስፔሰሩንና ማስታወሻዎን ይዘው ይሂዱ፤ "እንዴት ይወስዱታል?" ሲባሉ በቃል አይመልሱ፣ እዚያው ወስደው ያሳዩ። አስሙ ለ3 ወር ያህል ጸጥ ብሎ ከቆየ ሐኪሙ መጠኑን ደረጃ በደረጃ መቀነስ ይችላል።