ምግብ ሲያንቅ ሆዱ የማይጨመቀው ማን ነው?

ምግብ ያነቀውን ሰው ከኋላ አቅፎ ሆዱን መጨመቅ ፊልም ላይ ስለሚታይ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ይኸው ዘዴ ግን ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ይጎዳል፤ እርግዝናዋ ለገፋ ሴትም አይሆንም። ስለዚህ እጅዎን ከማሳረፍዎ በፊት የታነቀው ማን እንደሆነ ይዩ።

ትን ማለትና መታነቅ ይለያያሉ። ትን ያለው ሰው ያስላል፣ ይናገራል፤ ሕፃን ከሆነ ያለቅሳል። እንዲህ ያለውን አይምቱት፣ እንዲያስል ብቻ ያበረታቱት፤ የራሱ ሳል ከማንም እጅ ይበልጣል። የታነቀው ግን ድምፅ የለውም፤ አፉን ቢከፍትም አየር አይገባም፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። አንጎል ያለ ኦክስጅን ከ4 ደቂቃ ገደማ በኋላ መጎዳት ይጀምራል። ሌላ ሰው ካለ ይደውል፤ ብቻዎን ከሆኑ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው እየሠሩ ይናገሩ። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ አሜሪካ 911፣ እስራኤል 101፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998። ዐረብ አገር ልጅ ወይም አረጋዊ የምትጠብቁ እህቶች፣ የቤቱን አድራሻ በዐረብኛ መናገር ዛሬውኑ ተለማመዱ።

ዓመት ያልሞላው ሕፃን

ቁጭ ይበሉ። ሕፃኑን በሆዱ ክንድዎ ላይ ያስተኙት፣ ክንድዎን ጭንዎ ላይ ያሳርፉ፤ ጭንቅላቱ ከደረቱ ዝቅ ይበል። አገጩን በጣቶችዎ ይደግፉ፣ ለስላሳውን ጉሮሮ ግን አይጫኑ። ከእጅ አንጓ ጋር በሚገናኘው ወፍራም የመዳፍ ክፍል በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ ጠንከር አድርገው ይምቱ። ማባበያ ቸብ ቸብ አይደለም፤ እያንዳንዱ ምት ለብቻው የታነቀበትን ለማውጣት የሚሰነዘር ነው።

ካልወጣ በሁለት እጅ መካከል ይዘው በጀርባው ይገልብጡት፣ ጭንቅላቱ አሁንም ዝቅ ይበል። ከጡቶቹ መስመር ትንሽ ወረድ ብሎ የደረቱ አጥንት መሀል ላይ፣ በአንድ እጅ መዳፍ 5 ጊዜ ወደ ታች ይግፉ፤ ጥልቀቱ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ድሮ በሁለት ጣት ሲባል የሰማችሁ ትኖራላችሁ፤ የአሜሪካ ልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው መመሪያ በመዳፍ ሆኗል፣ ምክንያቱም ሁለት ጣት በቂ ጥልቀት አያገኝም። አምስት ከጀርባ፣ አምስት ከደረት፤ እስኪወጣ ወይም ሕፃኑ እስኪዝለፈለፍ ይቀጥሉ።

ሆዱን የማንነካው የሕፃን ጉበት ትልቅ ስለሆነና ጎድን አጥንቱ በደንብ ስለማይሸፍነው ነው፤ ሲጨመቅ ሊቀደድ ይችላል። እግሩን ይዞ ዘቅዝቆ መነቅነቅ፣ አናቱን መምታት፣ ውሃ ማጠጣት ይቅር። ያላዩትን ነገር በጣት መፈለግ ደግሞ ወደ ውስጥ መግፋት ነው።

ከተዝለፈለፈና ካልተነፈሰ ጠንካራ ነገር ላይ ያስተኙት። ደረቱን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 በሚሆን ፍጥነት 30 ጊዜ ይጫኑ፣ አፉን ከፍተው ይዩ፣ የሚታይ ነገር ካለ ብቻ ያውጡ። ከዚያ አፉንና አፍንጫውን አብረው በአፍዎ ሸፍነው ደረቱ ከፍ እስኪል 2 ጊዜ ቀስ ብለው ይተንፍሱለት። የሕፃን አንገት ብዙ ወደ ኋላ ከተቆለመመ የአየር መንገዱ ይታጠፋል፤ ፊቱ ጣሪያ ቢያይ ይበቃል።

ዓመት ያለፈው ልጅ እንደ አዋቂ ይረዳል፦ ተንበርክከው 5 ከጀርባ፣ ከዚያ ከእምብርት ከፍ ብሎ 5 የሆድ ግፊት ወደ ውስጥና ወደ ላይ።

ነፍሰ ጡር

ከጎኗ ቆመው፣ በአንድ እጅ ደረቷን ደግፈው ወደ ፊት ያዘንብሏትና 5 ጊዜ ከጀርባ ይምቱ። ቀጥሎ በብብቷ ሥር አልፈው ጭብጥዎን ደረቷ መሀል ያድርጉ፤ ታችኛው የደረት አጥንት ጫፍ ላይ አይሁን፣ ይሰበራል። ቀጥታ ወደ ራስዎ 5 ጊዜ ይሳቡ። እጅዎ የማይዞርበት ወፍራም ሰውም የሚረዳው በዚሁ ነው።

ራሷን ከሳተችና ካልተነፈሰች በጀርባዋ አስተኝተው ደረቷን መጫን ይጀምሩ። ማሕፀኗ እምብርት ከደረሰ ወይም ካለፈ ክብደቱ ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቅ ቧንቧ ይጫናል፤ ስለዚህ ሁለተኛ ሰው ሆዷን በሁለት እጁ ወደ እሷ ግራ ገፍቶ ይያዝ። በጎን ማስተኛት ደረት መጫኑን ያዳክመዋል። ስልክ ላይ የስንት ወር እንደሆነች ይናገሩ፤ ሐኪሞቹ ሕፃኑን ቶሎ ለማውጣት መዘጋጀት ሊኖርባቸው ይችላል።

አረጋዊና ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለ ሰው

ሰው ሠራሽ ጥርስ ወልቆ ራሱ ሊያንቅ ይችላል፤ ከታየ ያውጡት። ወንበሩን ፍሬን ይያዙ፣ ሰውየውን ወደ ፊት አዘንብለው ጀርባውን ይምቱ፤ የወንበሩ መደገፊያ ሆድ ለማቀፍ ካልመቸ የደረት ግፊት ያድርጉ። አጥንቱ ይሰበራል ብለው አይተዉት፤ የተሰበረ ጎድን ይጠገናል። ስትሮክ የመታው አረጋዊ ጋደም ብሎ ጉርሻ አይቀበልም፤ ፍቅርም ቢሆን ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ዋጥ ሲያደርግ እየታየ ነው።

ከወጣ በኋላ

ሆዱ ወይም ደረቱ የተጨመቀ ሁሉ ሐኪም ይየው። ልጅ ሽምብራ፣ ቆሎ ወይም ለውዝ ሲበላ ታንቆ ከተሻለው በኋላ ሳልና ሲር ሲር የሚል አተነፋፈስ ካልለቀቀው፣ ፍሬው ሳንባ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ ያብጣል። እንዲህ ያለ ልጅ የሳንባ ምች ተብሎ መድኃኒት እየተሰጠው ሊከርም ይችላል፤ ኤክስሬይም ፍሬውን አያሳይ ይሆናል። ለሐኪሙ "ያኔ ታንቆ ነበር፣ ሲበላ የነበረው ይህን ነው" ብለው ይንገሩ።

ለአራስ ሕፃን ቅቤ ወይም አብሽ መጋትም ከዚሁ ጋር ይነሣል፦ ቅባት ሳንባ ከገባ የሚያስወጣው ምት የለም። ከአራት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ቆሎና ለውዝ በፍሬው አይሰጥም፤ ከተፈጨ ይሰጣል።