ኮንታክት ስታሻግሩ ሰው ሁሉ አንድ ስልክ ቁጥር ሲኖረው

ኮንታክት ከስልክ ወደ ስልክ ወይም ወደ ኮምፒውተር ሲሻገር ከሚመጡት ችግሮች ቶሎ ከሚያልቁት ልጀምር።

ስሙ በእኩል ምልክት፣ በቁጥርና በእንግሊዝኛ ፊደል ከተሞላ ፋይሉ ቪካርድ 2.1 ነው፤ የቆየ የኮንታክት ፋይል ዓይነት ማለት ነው። አንዷ የአማርኛ ፊደል 9 ምልክት ሆና ትጻፋለች። አንድሮይድ ስልክ ላይ ክፈቱት፣ ከጉግል አካውንት ጋር ይመሳሰል፣ ከዚያ ከጉግል ኮንታክትስ ድረ ገጽ እንደገና አውጡት።

የቆየው አውትሉክ (የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም) ከ500 ሰው አንዱን ብቻ ካስገባ አትደንግጡ። ከቪሲኤፍ (ከቪካርድ) ፋይል የሚያነበው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሲኤስቪ ስጡት፤ በኮማ የተከፋፈለ የጽሑፍ ሠንጠረዥ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ሁልጊዜ ወደሚመጣብኝ። ሲኤስቪው በኤክሴል ተከፍቶ ሴቭ ተደርጓል።

ኤክሴል ስልክ ቁጥር አያውቅም፤ ለእሱ ሁሉም ሂሳብ ነው። የ0911ን ዜሮ ይበላል። +251 ብሎ የሚጀምረውን ፕላሱን ይጥልና፣ 12 አሃዙ ስለሚረዝምበት 2.51911ኢ+11 ብሎ ያሳጥረዋል። ሴቭ ሳትሉ ከዘጋችሁት ምንም አልሆነ። ሴቭ ካላችሁ ግን ፋይሉ ላይ የሚጻፈው ያጠረው ነው። የመጨረሻዎቹ 6 አሃዞች ሄዱ በቃ።

አንድ ነጋዴ 800 ገደማ ደንበኞቹን እንዲህ አድርጎ አመጣልኝ። ቁጥሮቹ በ+251 የተመዘገቡ ስለነበሩ፣ ባለ 0911ዎቹ 251911000000 ሆነዋል። ያውም ሁሉም አይደሉም፤ ኤክሴል ስለሚያጠጋጋ፣ ከ0911 ቀጥሎ 5 እና ከዚያ በላይ ያላቸው ወደ 0912 ተዛውረዋል። ቧንቧ ሠራተኛውና አማቱ አንድ ቁጥር ይጋራሉ። «ስሞቹን በፊደል ተራ ላስተካክል ብዬ ነው» አለኝ። ማን አዘዘህ? ደግነቱ አሮጌውን ስልክ ገና አልሸጠውም ነበር።

ስለዚህ አሮጌውን ስልክ አትሽጡ፣ አታጥፉ፣ ለልጅ መጫወቻ አትስጡ። ከተበላሸው ፋይል ጋር አትታገሉ፤ ከምንጩ እንደገና አውጡ። የተበላሸው ጉግል ኮንታክትስ ውስጥ ከገባም ቅንብሩ ላይ ለውጥ መቀልበሻ አለ፤ እስከ 30 ቀን ወደኋላ ይመልሳል። በ31ኛው ቀን እንዳትመጡብኝ።

የግድ ኤክሴል ካላችሁ ፋይሉን ሁለቴ ክሊክ አድርጋችሁ አትክፈቱ። ባዶ ገጽ ላይ «ዳታ» ከሚለው ስር የጽሑፍ ፋይል ማስገቢያውን ምረጡ። ኢንኮዲንጉን (ፊደሎቹ የሚነበቡበትን ስልት) ዩቲኤፍ-8 አድርጉ፣ አለዚያ አማርኛው የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆናል። የዳታ ዓይነት እንዳይገምትም ከልክሉት።

የተበላችው ዜሮ ብቻ ከሆነች ቀላል ነው፤ ከቀሩት 9 አሃዞች ፊት +251 ጨምሩ። ዱባይ ወይም ሪያድ ላለ ዘመድ የምትልኩት ከሆነማ እንዲያውም ይሻላል፤ በዜሮ የጀመረው እዚያ ሆኖ ሲደወል አይገባም። ኖትፓድ ላይ ሥሩት። ኤክሴል ላይ ከሠራችሁት ፕላሷን መልሶ ይበላታል።