እናት አባት ቤት ላላችሁ፣ ስለ መውደቅ ፍርሃት
እማዬ ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ ነው የምትኖረው፣ አምና ክረምት ጠባቡ መንገድ ላይ ድንጋዩ አዳልጧት ወደቀች፣ ተመስገን አልተሰበረችም ግን ከዛ በኋላ ገበያ መውጣት እርግፍ አድርጋ ተወች፣ እኛም ተሽቀዳድመን "አርፈሽ ተቀመጪ" እያልን ነገሩን አባባስነው። ለካ ሰው ፈርቶ ሲቀመጥ እግሩ ይደክማል፣ እግሩ ሲደክም ደግሞ ጭራሽ ለመውደቅ ይቀርባል። (አባዬ ግልባጩ ነው፣ ምንም አልሆንም ብሎ ወንበር ላይ ወጥቶ አምፖል ይቀይራል፣ እሱም ያስፈራል።)

እና ቤት ውስጥ ይቺን ሞክሩ፦ እናት አባታችሁ ጠንካራ ጠረጴዛ አጠገብ ይቁሙና የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ፊት አስነክተው ጠረጴዛውን ሳይዙ 10 ሰከንድ ይቁሙ፣ እናንተ ከጎን ሆናችሁ። 10 ካልሞላ የመውደቅ ስጋት አለ ማለት ነው፣ ሀኪም ይያቸው። እማዬ 4 ላይ ነበር የተንገዳገደችው።

አሁን በየቀኑ ግድግዳ ላይ ከተደገፈ ወንበር ቀስ ብላ እጇን ሳታስደግፍ ትነሳለች ትቀመጣለች፣ ቡና እስኪፈላ። ያቺን የላላች ነጠላ ጫማም ደበቅናት፣ ተረከዝ የሚይዝ ገዛንላት። የግፊት መድሃኒት የሚወስዱ ደግሞ ከመደብም ሆነ ከአልጋ ብድግ አይበሉ፣ ትንሽ ቁጭ ብለው ይነሱ። ባለፈው ሳምንት ከኔ ጋ ሸዋ በር ድረስ ሄደች፣ ክንዴን የያዘችው ቁልቁለቱ ላይ ብቻ ነው።