«ላስት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በትክክል ለመረዳት

የእንግሊዝኛው «ላስት» ለተማሪ የሚነገረው «የመጨረሻ» ተብሎ ስለሆነ፣ ብዙ አንባቢ ቃሉን ባገኘበት ቦታ ሁሉ ይህንኑ ፍቺ ያስገባና ዐረፍተ ነገሩ አልገጥም ሲለው ይቸገራል። ፍቺ ከመስጠት በፊት ቃሉ በዚያ ቦታ ግስ፣ ቅጽል ወይም ስም መሆኑን መለየት ይገባል።

ቀጥሎ የቃላትን አመጣጥ የሚያሳይ መዝገበ ቃላት መግለጥ ነው። በአጻጻፍ አንድ የሆኑ ቃላት 1፣ 2፣ 3 ተብለው ከተለያዩ ምንጫቸው የተለያየ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም አንዳንድ አዘጋጆች ግስን ከስም ለመለየት ብቻ ቁጥር ስለሚሰጡ፣ የአመጣጡን መግለጫ ሳያነቡ መፍረድ አይገባም።

«የመጨረሻ» የሚለው ፍቺ የተገኘው በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ዝግተኛ፣ የዘገየ» ይል ከነበረ ቅጽል ሲሆን፣ «ላስት» የዚያ ቅጽል «ከሁሉ የዘገየ» የሚያሰኝ መልክ ነው። ቃሉ እያጠረ ሲሄድ፣ የዚያው ቅጽል የዛሬ መልክ ከሆነው ከ«ሌይት» («የዘገየ») ጋር ያለው ዝምድና ተሸፈነ፤ ቋንቋውም ከዚያው ከ«ሌይት» «ሌይተስት» የሚል ሌላ ቃል አበጀ። ስለዚህ የአንድ ደራሲ «ሌይተስት» መጽሐፍ በቅርብ የወጣው ሲሆን፣ «ላስት» መጽሐፉ ግን ከዚያ በኋላ ሌላ እንዳልጻፈ ሊያመለክት ይችላል። «ላስት ዊክ» ደግሞ የመጨረሻው ሳምንት ሳይሆን ያለፈው ሳምንት ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሚገባው ግሱ ነው፤ ምክንያቱም ፍቺው «መቆየት፣ መዝለቅ» ስለሆነ ከማለቅ ጋር ጨርሶ ይቃረናል። ይህ ግስ ከ«ሌይት» ጋር ዝምድና የለውም፤ የእግርን ዱካ ከሚያመለክት ጥንታዊ የጀርመናዊ ቋንቋዎች ሥር የወጣ ሆኖ፣ በመጀመሪያ «ዱካ መከተል» ቀጥሎም «መፈጸም» ይል ነበር። ከተከተለ ሳያቋርጥ የሚሄድ ነውና፣ ወደ «መዝለቅ» የተሻገረው በዚህ መንገድ ነው። ጫማ ሠሪው ቆዳውን የሚወጥርበት የእግር ቅርጽ በእንግሊዝኛ «ላስት» የሚባለውም ከዚሁ ሥር በመገኘቱ ነው። መማርን የሚገልጸው «ለርን» እንኳ የዚሁ ቤተሰብ አባል መሆኑን ሳስብ፣ አመጣጥን መመርመር ለሚደክሙለት ሁሉ ዋጋ እንዳለው አምናለሁ። ዛሬ እምብዛም የማይሰማው፣ የጭነት መለኪያ የሆነው «ላስት» ግን ከሌላ ሥር የመጣ ነው፤ በጀርመንኛ «ላስት» እስካሁን ሸክም ማለት ነው።

ምንጩ ከታወቀ በኋላ ለአማርኛው አገባቡ የሚጠይቀውን ቃል መምረጥ ይቻላል። ስለ ስንቅ ሲነገር «ይበረክታል»፣ ስለ ስብሰባ ሲነገር «ቆየ»፣ ስለ ትዳር ሲነገር «ዘለቀ» ማለት ይስማማል። አንድ ሰው አንድን ነገር «ለማድረግ የምፈልገው ላስት ነገር ነው» ሲል ደግሞ፣ ሌላውን ሁሉ ጨርሶ በመጨረሻ ያደርገዋል ማለት ስላልሆነ፣ «ፈጽሞ አልፈልገውም» ተብሎ ይተርጎም።